በአቃቂ ጓሮ ስለሚበቅለው ትልቅ ቲማቲም

ከመቂና ከባቱ፣ በቀድሞ ስሟ ከዝዋይ፣ ቲማቲም የጫኑ የጭነት መኪናዎች በሞጆ፣ በቢሾፍቱና በዱከም አልፈው ወደ አዲስ አበባ ሲገቡ መንገዳቸው በአቃቂ ቃሊቲ ነው። ከመቂ እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጭነቱ በአቃቂ ቤቶች ደጃፍ አልፎ ወደ ጅምላው የአትክልት ገበያ ይዘልቃል፤ ይህም ገበያ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳው አትክልት ተራ ተነሥቶ ለጥቂት ጊዜ በጃን ሜዳ ከቆየ በኋላ ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው ሰፈር የተዛወረው ነው። ከዚያም ቲማቲሙ በቸርቻሪ እጅ እንደገና ወደ አቃቂ ይመለሳል። እንግዲህ የአቃቂ ነዋሪ በደጃፉ ያለፈውን ቲማቲም የሁለት ጉዞ ዋጋ ከፍሎ ይበላዋል ማለት ነው። ይሁን እንጂ እዚህ የሚነገረው ስለ ዋጋው ሳይሆን፣ ያ መኪና ፈጽሞ ሊጭነው ስለማይችለው የቲማቲም ዐይነት ነው፤ ይኸውም አንዱ ፍሬ ብቻ እስከ ግማሽ ኪሎ የሚመዝነውና ለብቻው ተከትፎ የሰላጣ ሳሕን የሚሞላው ትልቁ ቲማቲም ነው።

ነጋዴው ይህን ቲማቲም የማያመጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከስምጥ ሸለቆ ለሚነሣ ጭነት የሚመረጠው ቲማቲም ቆዳው ጠንካራ፣ ሥጋው ጥብቅ፣ ቅርጹም አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል የመሰለ ሲሆን፣ የሚለቀመውም ገና አረንጓዴው ወደ ቅላት ማድላት ሲጀምር ነው። ቲማቲም ከተቆረጠ በኋላ ኤቲሊን የሚባለውን ጋዝ ራሱ እያመነጨ ስለሚቀላ፣ በመንገድና በመጋዘን ሳለ መልኩ ይሟላለታል፤ ከእናት ተክሉ ግን ከዚያ ወዲያ የሚደርሰው ስኳር የለም። ስለዚህ መልኩ ቀይ ሆኖ ጣዕሙ ያልሞላ ቲማቲም በገበያ ቢገኝ የነጋዴው ተንኰል ተደርጎ ሊቈጠር አይገባም። በእንጨት ሳጥን ተደራርቦ፣ በመኪና ተንገላቶ፣ በወዛደር ጫንቃ ወጥቶና ወርዶ ገዥው ዘንድ ሳይፈርስ መድረስ ያለበት ዕቃ ስለሆነ ነው። ትልቁ ቲማቲም ግን ቆዳው ስስ፣ ሥጋው ለስላሳ ስለሆነ በዚህ ዐይነት ቢጫን፣ ከሳጥኑ ግርጌ ያለው በላዩ ባለው ክብደት ተጨፍልቆ ጭማቂ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ንግድ ሊያቀርበው አይችልምና የሚሻው ሰው በጓሮው ማብቀል ይኖርበታል።

የቲማቲም የመጀመሪያ አገሩ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች አካባቢ ሲሆን፣ የዱሩ ዐይነት ፍሬው ከሽምብራ ብዙም አይበልጥም። በሜክሲኮ የነበሩ ሕዝቦች አልምደውና መርጠው አሳደጉት፤ በቋንቋቸውም ቶማትል ይሉት ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት ስፓኛውያን ወደ አውሮፓ ወሰዱት። ጣሊያኖች ፖሞዶሮ፣ ማለት የወርቅ ፖም አሉት፤ ዐረቦች ጠማጢም ሲሉት አማርኛም ከዚያው ተቀብሎ ቲማቲም አለው። ትንሹ ፍሬ በአግድም ቢቆረጥ ዘሩን የያዙት ጓዳዎች ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሆነው ይታያሉ፤ ትልቁ ቢቆረጥ ግን ስምንት፣ ዐሥር፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጡ ጓዳዎች እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ይገኛሉ። ይህ የዘር ጠባይ ነው። ፍግና ማዳበሪያ ቢከመርለት ሮማ የሚባለው ዐይነት ከሮማነቱ አይወጣም፤ በውጭ አገር ሽልማት ለማግኘት የሚደክሙ ሰዎች ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝን አንድ ፍሬ ለማውጣት የበቁት በመጀመሪያ ዘሩን መርጠው ነው።

እግረ መንገዱን፣ ነጋዴዎችን የሚመለከት አንድ ታሪክ ማስታወስ አይከፋም። በአሜሪካ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1883 የወጣው የቀረጥ ሕግ ከውጭ በሚገባ አትክልት ላይ ከመቶ 10 ሲያስከፍል፣ ፍራፍሬ ግን ያለቀረጥ እንዲገባ ይፈቅድ ነበር። ኒክስ የተባሉ የኒው ዮርክ አስመጪዎች ቲማቲም ፍሬ ነው ብለው በ1887 የወደቡን ቀረጥ ሰብሳቢ ሄደንን ከሰሱ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1893 ተፈረደ፤ ፍርዱም ቲማቲም በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ ፍሬ ቢሆንም፣ በገበያና በማዕድ ግን ከዋናው ምግብ ጋር እንጂ ከምግብ በኋላ እንደ ፍራፍሬ ስለማይቀርብ አትክልት ነው የሚል ሆነ። ቀረጡም እንደተከፈለ ቀረ። በቃሊቲ ጉምሩክ ስለ ዕቃ አመዳደብ የተከራከረ ሁሉ የእነ ኒክስን ስሜት ሳይረዳው አይቀርም።

ወደ አቃቂ እንመለስ። አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ በ2,100 ሜትር ገደማ ስለሚገኝ ከእንጦጦ ግርጌ ካሉት ሰፈሮች ይልቅ ሞቅ ይላል፤ ከመቂ ግን ከ400 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ቲማቲም ደግሞ የሚፈራው የቀኑን ሳይሆን የሌሊቱን ብርድ ነው። የሌሊቱ ሙቀት ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ የአበባው ብናኝ ኀይሉ ይደክምና ወይ አበባው ይረግፋል፣ ወይም ፍሬው ተጣምሞና ግርጌው እንደ ቁስል ጠባሳ ተሸብሽቦ ያድጋል። እምቡጡ ገና ሲጀመር ብርድ ቢያገኘው ሁለትና ሦስት አበባዎች አንድ ላይ ተጣብቀው አንድ ግዙፍ ፍሬ ሊሆኑም ይችላሉ፤ ይህን ያየ ሰው ትልቅ ቲማቲም አገኘሁ ብሎ ይደሰት ይሆናል፣ ነገር ግን ሲቆረጥ ግማሹ ነጭና ጠንካራ እምብርት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ፣ በመስከረም ተተክሎ በእነዚህ ወራት የሚያብብ ቲማቲም በአቃቂ ብዙ ጊዜ ባለቤቱን ያሳፍራል።

በክረምትም ቢሆን ሌላ ጠላት አለ። ዝናቡ ሲበረታና አየሩ ሲረጥብ ድንችንም ቲማቲምንም የሚያጠቃው በሽታ ይነሣል፤ ቅጠሉ ፈላ ውኃ እንደፈሰሰበት ሆኖ ይጠቁራል፣ በሳምንት ጊዜ ውስጥም ማሳውን ሁሉ ያወድማል። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን በረኃብ የፈጀው ይኸው በሽታ ነው። እንግዲህ ከኅዳር ብርድና ከሐምሌ ዝናብ መካከል ያለውን ጊዜ መጠቀም ያሻል። ዘሩ የገና በዓል እንዳለፈ ቢዘራ፣ ችግኙም ለዐድዋ በዓል ሰሞን፣ ማለት በየካቲት መጨረሻ ወደ ጓሮው ቢዛወር፣ አበባው በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ሞቃት ሌሊቶች ይወጣል፤ የመጀመሪያው ፍሬም በግንቦት መጨረሻ ይደርሳል። በጥር ሌሊቱ ገና ብርድ ስለሆነ ችግኙ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ወይም በጣሳ ውስጥ ቢፈላ ይበጃል፤ ማታ ወደ ቤት ይገባል፣ ጧት ለፀሐይ ይወጣል። ሰባት ሳምንት እንዲህ ማመላለስ አሰልቺ መሆኑ አይካድም።

ስለ ዘሩ ዐይነት በአጭሩ ለመናገር፣ ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ከወጡት መካከል ቢሾላ የተባለው ፍሬው ትልቅ ስለሆነ ለጓሮ ይስማማል። ማርግሎብ የተባለው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1925 በአሜሪካ የወጣ አሮጌ ዐይነት ሆኖ፣ በአገራችንም ለረጅም ዘመን ሲዘራ የኖረ ክብና ደኅና መጠን ያለው ነው። ከሁሉ የሚልቁት ባለ ብዙ ጓዳዎቹና በሌላው ዓለም ቢፍስቴክ የሚባሉት ናቸው። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው የእነዚህን ዘር በፖስታ ወይም በሻንጣ ማስመጣት ይቃጣዋል፤ ነገር ግን ዘር ሲገባ የዕፅዋት ኳራንቲን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ይህ ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም። ቱታ አብሶሉታ የተባለችው የደቡብ አሜሪካ የእሳት እራት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ወደ ስፔን ገብታ፣ በ2012 ገደማ ኢትዮጵያ ደርሳ የስምጥ ሸለቆን የቲማቲም እርሻ እንዴት እንደጐዳች የአትክልት ነጋዴዎች ሳይሰሙ አልቀሩም። ትሏ ቅጠሉንና ፍሬውን ከውስጥ ትቦረቡራለች። በጓሮ ጥቂት ተክል ያለው ሰው ግን የተቦረቦረውን ቅጠል በየማለዳው እየለቀመ በማቃጠል ብዙውን ጥፋት ሊከላከል ይችላል።

የአቃቂ አፈር ዋልካ ነው። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት በዚህ ጥቁር አፈር የተሸፈነ መሆኑ ይነገራል። ዋልካ ለምለም ነው፤ ሆኖም ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ውኃውንም ይዞ የተክሉን ሥር ትንፋሽ ያሳጣዋል። የሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ አፈሩን በእጃቸው እየሰበሰቡ ከፍ ያለ ሰፊ መደብ በመሥራት ውኃው በቦዩ እንዲወርድ ያደርጋሉ። የአቃቂም ጓሮ ባለቤት ከዚህ የተሻለ ምክር አያገኝም፤ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ በደንብ የበሰበሰ ፍግና ብስባሽ ቢቀላቅልበት ይበቃዋል። ያልበሰበሰ ትኩስ ፍግ ግን ቅጠሉን ያበዛና ፍሬውን ያሳንሳል። ባለፈው ዓመት ድንች፣ ቃሪያ ወይም በርበሬ የነበረበት ቦታ ላይ መትከል አይገባም፤ ሁሉም የአንድ ቤተ ሰብ ዕፅዋት ስለሆኑ በሽታቸውም አንድ ነው።

ችግኙ ሲተከል ግንዱ እስከ መጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ድረስ ቢቀበር፣ የተቀበረው ግንድ ሁሉ ሥር ያወጣል። በመደብና በመደብ መካከል አንድ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል ግማሽ ሜትር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ተክል ሁለት ሜትር የሚሆን የባሕር ዛፍ እንጨት አስቀድሞ መትከል ይገባል፤ ፍሬው ከከበደ በኋላ የሚተከል እንጨት ሥሩን ይቆርጣልና። ተክሉ በጨርቅ ቁራጭ ላላ ተደርጎ ከእንጨቱ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ያለው ዋና ሥራ በቅጠሉና በግንዱ መካከል፣ በብብቱ ሥር የሚወጣውን ቀንበጥ በየሳምንቱ በጣት መቀንጠብ ነው። በአንዱ እጅብ ላይም አምስትና ስድስት ፍሬ ቢያዝ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ገና ሳያድግ ማውጣት ያሻል። ትልቅ ቲማቲም ለማግኘት የሚመኙ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ለዚህኛው ሥራ ግን እጃቸው አይጨክንም። ስድስቱም ይቅሩ ያለ ሰው ስድስት መካከለኛ ቲማቲም ያገኛል፤ እርሱንም ከገበያ ማግኘት ይቻል ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ በአቃቂ ሊታሰብበት የሚገባው ስለ ውኃው ነው። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የተባሉት ወንዞች ከአዲስ አበባ ሰሜናዊ ተራሮች ወርደው፣ ከተማውን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ። በመንገዳቸውም የመኖሪያ ቤቶችን ፍሳሽ፣ የጋራዦችን ዘይት፣ የቆዳ ፋብሪካዎችንና የሌሎችንም ፋብሪካዎች እጣቢ ይቀበላሉ። በወንዞቹ ዳር አትክልት ማብቀል የቆየ ሥራ ነው፤ ብዙ ቤተ ሰብም ይተዳደርበታል። ነገር ግን ባለፉት ዐሥርታት በተደረጉ ልዩ ልዩ ምርመራዎች በውኃው፣ በአፈሩና በሚበቅለው አትክልት ውስጥ እንደ ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ጐጂ ማዕድኖች ተገኝተዋል፤ ከሰው ዐይነ ምድር የሚመጡ ተሕዋስያንም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ሁለቱን ጉዳቶች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ተሕዋስያኑ በእሳት ይሞታሉ፤ ስለዚህ በወጥ ውስጥ የሚበስል ቲማቲም በዚህ በኩል አያሰጋም። ትልቁ ቲማቲም ግን የሚተከለው በጥሬው ሊበላ ነው፤ ሎሚ ስለተጨመቀበት ብቻም ተሕዋስያኑ ሁሉ አይጠፉም። ማዕድኖቹ ደግሞ ቢታጠቡም ቢቀቀሉም አይወጡም። እርግጥ ነው፣ የቲማቲም ፍሬ እንደ ጎመን፣ እንደ ቆስጣና እንደ ሰላጣ ያሉት ቅጠላ ቅጠሎች የሚወስዱትን ያህል ማዕድን አይወስድም። ቢሆንም የራሱ ጓሮ ያለው ሰው ይህን ያህሉን እንኳ መቀበል አይገደድም። በገበያ ያለ ቲማቲም የጠጣውን ውኃ አይናገርም፤ የጓሮው ባለቤት ግን ያጠጣውን ራሱ ያውቃል። በአቃቂ ቲማቲም ለመትከል ከሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ፣ ከጣዕሙም ከመጠኑም ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው።

ስለዚህ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው አስቀድሞ ጓሮው በክረምት የወንዝ ሙላት የሚደርስበት መሆን አለመሆኑን የቆዩ ጎረቤቶችን ጠይቆ ይረዳ። ማዕድን አፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ሙላት የሚደርስበት መሬት በንጹሕ ውኃ ቢጠጣም ወዲያው አይነጻም። እንዲህ ላለው ቦታ ከሌላ ሥፍራ በመጣ አፈር የተሞላ አሮጌ በርሜል ወይም ማዳበሪያ ከረጢት ይሻላል። በወንዝ ዳር ከተቆፈረ አጭር የእጅ ጉድጓድ የሚቀዳ ውኃም ያው የወንዙ ውኃ ሊሆን ስለሚችል አያስተማምንም። የሚያስገርመው፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ ከሚጠጣው ውኃ ከፊሉ የሚወጣው ከዚሁ ከአቃቂ ምድር፣ ከጥልቅ ጉድጓዶች መሆኑ ነው፤ ከላይ የሚፈሰው ሌላ፣ ከታች ያለው ሌላ። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል ሞልቶ ማቈየት ነው። የበልግ ዝናብ ከቆርቆሮ ጣሪያ በአሸንዳ ቢጠራቀም ደግሞ ለዐሥር ተክል ብዙ ይረዳል፤ የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ አጥቦ እንዲሄድ መተው ብቻ ያስፈልጋል።

ውኃው ሲሰጥ በልክና በወጉ ይሁን። ሳምንት ሙሉ ደርቆ በስምንተኛው ቀን የሚጥለቀለቅ ተክል ፍሬው ይሰነጠቃል፤ ግርጌውም ጠቁሮ ይበሰብሳል። ይህ መበስበስ ካልሲየም ወደ ፍሬው ባለመድረሱ የሚመጣ ስለሆነ፣ አንዳንድ ሰዎች የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተው ይቀብራሉ። ዋልካ ግን ካልሲየም የሚጎድለው አፈር አይደለም፤ የጎደለው ካልሲየሙን የሚያደርሰው ውኃ ነው። ለአንድ ተክል በየሁለት ቀኑ ሁለት ሊትር ያህል ከሥሩ ቢፈስለትና በላዩ ደረቅ ሣር ወይም ጭድ ቢጐዘጐዝለት ቅርፊቱ ሳያስፈልግ ነገሩ ይስተካከላል። ቅጠሉን ማርጠብ በሽታ መጥራት ነው።

በዚህ ሥራ ገንዘብ አተርፋለሁ የሚል ሰው ካለ ሒሳቡን በጥንቃቄ ያስላ። በደንብ ከተያዘ አንድ ተክል 3 ወይም 4 ኪሎ ቲማቲም ቢገኝ፣ ከዐሥር ተክል የሚገኘው ለአንድ ቤተ ሰብ የአንድ ወር ተኩል ፍጆታ ነው። እንጨቱ፣ ፍጉ፣ ዘሩ፣ በርሜሉና ጉልበቱ ሲደመር በመጀመሪያው ዓመት ከገበያ መግዛት ሳይረክስ አይቀርም። በሁለተኛው ዓመት እንጨቱና በርሜሉ አስቀድሞ የተገዙ ስለሆኑ ነገሩ ይለወጣል። ለሽያጭ ከሆነ ግን ከደጃፍ አልፎ ወደ ሱቅ የሚሄድ ጭነት ሊሆን እንደማይችል ከላይ ተገልጿል፤ ለጎረቤት በዘንቢል ማድረስ ይቻል ይሆናል።

መከሩ የሚደርስበት ጊዜ ደግሞ ለምእመናን ደኅና ነው፤ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ መግቢያ ያለው ወቅት ከሐዋርያት ጾም ጋር ይገጥማል። ፍሬው ትከሻው ድረስ ቀልቶ፣ በእጅ ሲነካ በመጠኑ ለስልሶ ሲገኝ ከነጉንጩ ይቆረጣል። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት አይገባም፤ ከ12 ዲግሪ በታች ባለ ቅዝቃዜ መዓዛውን የሚሰጡት ነገሮች ይዳከማሉና። በመደርደሪያ ላይ፣ ከፀሐይ ተከልሎ፣ ጉንጩ ወደ ታች ተደርጎ ቢቀመጥ ለጥቂት ቀናት ይቆያል።

ትልቁን ቲማቲም ከትንሹ ጋር አንድ ላይ ከትፎ ወጥ ውስጥ መጨመር ድካሙን ከንቱ ማድረግ ነው። ለስልስም ሆነ ለለብለብ የገበያው ሮማ ውኃው ስለሚያንስ እንዲያውም ይሻላል። ትልቁ በስለታም ቢላዋ በአግድም እንደ ጣት ውፍረት ይቆረጥና በሰፊ ሳሕን ላይ ይዘረጋል፤ በላዩ ጨው ይነሰነስና ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ በቀጭኑ ተቆርጦ፣ ሎሚና ዘይት ፈስሶበት ከትኩስ እንጀራ ጋር ይቀርባል። በሳሕኑ ግርጌ የሚቀረውን መረቅ ልጆች በእንጀራ ለማጥቀስ እንደሚሻሙበት የታወቀ ስለሆነ፣ እንጀራው በርከት ቢል መልካም ነው። ፍትፍት ለሚወድም ያው መረቅ ይበቃል።

ከመጀመሪያዎቹ ፍሬዎች መካከል ቅርጹ ያማረውና ተክሉ ጤነኛ የሆነው አንዱ ለዘር ይቀመጥ። ዘሩ ከነጭማቂው በብርጭቆ ተደርጎ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲቆይ ይፈላና የሸፈነው ልጥ ይለቀዋል፤ ከዚያ ታጥቦ በሳሕን ላይ በጥላ ይደርቃል፣ በወረቀትም ተጠቅልሎ የዐይነቱ ስምና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍበታል። ዲቃላ ከሆኑት እንደ ጋሊላ ካሉ ዐይነቶች የተያዘ ዘር ግን እናቱን የመሰለ ፍሬ ስለማይሰጥ በየዓመቱ መግዛት ያስፈልጋል። በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ዘር እስከ አራት ዓመት ድረስ ይበቅላል፤ የሚዘራበትም ቀን ያው ገና እንዳለፈ ነው።